ከተከዜ ዳር ያለው ገበያ፤ ለኒሯቅ መብራት ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ነጋዴ ኒሯቅን የሚያውቃት በፍየሏ ነው። በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የአበርገሌ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ይህች ቆላማ ከተማ ስሟ በአዲስ አበባ ነጋዴዎች ዘንድ እምብዛም አይነሳም። ይሁን እንጂ ወረዳዋ "የአበርገሌ ፍየል" ተብሎ በአገሪቱ ለሚታወቀው ዝርያ ስሟን ያዋሰች ናት። ከፍየሉ ሌላ ማሽላና ማር አላት። ከተከዜ ግድብ ወዲህ ደግሞ ዓሣ ተጨምሯል።

ዓሣው የመጣው ከመብራቱ ጋር ነው። በ1994 ግንባታው ተጀምሮ በ2002 የተመረቀው የተከዜ ኃይል ማመንጫ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ሲሆን፣ በአራት ተርባይኖች 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድቡ ያቆረው ሐይቅ በዋግ ኽምራ በኩል የአበርገሌን፣ የዝቋላንና የሰሃላን ቆላ ይነካል። ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ መተዳደሪያ ሆኗል። ኃይሉ ግን በ230 ሺህ ቮልት መስመር 105 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መቀሌ ላይ ከአገሪቱ ዋና መስመር ጋር ይገናኛል። ዓሣው እዚያው ቀረ፤ መብራቱ ሄደ። "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው" የሚለው የቆየ አነጋገር ተከዜ ዳር ላለ ሰው በመብራት በኩል ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን ይኖርበታል። ኃይሉ ወደ ዋናው መስመር መሄዱ በራሱ ጥፋት አይደለም። በ230 ሺህ ቮልት የሚጓዝን ኃይል እንደ ቦይ ውሃ መንገድ ላይ ቀድቶ ለመንደር ማጠጣት አይቻልም። በመጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ እስከ ከተማው የሚዘረጋ የመካከለኛ ቮልት መስመር፤ ከዚያ በኋላ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ሽቦና ቆጣሪ ይከተላሉ። ከማመንጫው ይልቅ ለገጠር መብራት ውድ የሚሆነው ይህ የመጨረሻው ጉዞ ነው። በገደልና በሸለቆ በተቆራረጠ፣ መንደሮቹ በተራራቁበት አገር ደግሞ ይብሳል። በአዲስ አበባ አንድ ትራንስፎርመር ብዙ መቶ ቤቶችን ሲያገለግል በአበርገሌ ቆላ ጥቂት ጎጆዎችን ይዞ ይቀራል፤ የሽቦውና የምሰሶው ዋጋ ግን ያው ነው።

ስለሆነም የኒሯቅና የዙሪያዋ ቀበሌዎች ጥያቄ "ኃይል አለ ወይ?" የሚል አይደለም። ኃይልማ አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። አገሪቱ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኃይል ትሸጣለች፤ ባለፉት ዓመታትም በዶላር ለሚከፍሉ የዳታ ማይኒንግ ኩባንያዎች ስትሸጥ ቆይታለች። ጥያቄው የመጨረሻውን መንገድ ሂሳብ ማን ይከፍላል፣ ከከፈለስ በኋላ በምን ይመልሰዋል የሚለው ነው።

እቅዱ ምን ይላል?

መንግሥት ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሲሞክር የመጀመሪያው አይደለም። በ1995 የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። በ1998 ደግሞ የገጠር ከተሞችን ከዋናው መስመር ጋር የማገናኘት ሰፊ ፕሮግራም ተጀመረ፤ በዚህም በሺዎች የሚቆጠሩ ከተሞችና መንደሮች መስመር ደርሷቸዋል። ይሁን እንጂ በዘመኑ የነበረው የሥራ መለኪያ "መብራት የደረሰው ከተማ" የሚል ነበርና፣ መስመር ገብቶለት ከምሰሶው ሥር በኩራዝ የሚያመሽ ቤት በርካታ ሆኖ ቀረ። ከተማው "ደርሶታል" ተብሎ ይቆጠራል፤ ባለቤቱ ግን ለቆጣሪና ለገመድ የሚከፍለው አልነበረውም።

በኅዳር 2010 ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ይፋ ሲሆን መለኪያው ከከተማ ወደ ቤት ተዛወረ። በመጋቢት 2011 የወጣው ሁለተኛው እትም ከዋናው መስመር ርቀው ላሉት ራሱን የቻለ ቦታ ሰጠ። በእቅዱ መሠረት በ2017 (እ.ኤ.አ. 2025) የአገሪቱ ሕዝብ በሙሉ መብራት ያገኛል ተባለ፤ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከፀሐይና ከመንደር ማመንጫ። እ.ኤ.አ. በ2030 መስመሩ እየሰፋ ሄዶ 96 በመቶውን እንደሚያዳርስም ታሰበ።

2017 አልፏል። እቅዱ ግን ግቡን አልመታም፤ ከሕዝቡ ግማሽ ለሚጠጋው መብራት አሁንም የሰሚ ነገር ነው። ከመካከሉ ጦርነት ገባ፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ጠና፤ የብረትና የሽቦ ዋጋ ናረ። የዓለም ባንክ በ2013 ከዋናው መስመር ውጭ ላሉት አካባቢዎች የ500 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ያጸደቀ ሲሆን፣ ወደ 5 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ፣ ለ11,500 ድርጅቶችና ለ1,400 ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ኃይል ለማድረስ ያለመ ነው። ገንዘቡ ትልቅ ነው። ነገር ግን የገበያ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ያለውን ነው።

የወረቀትና የእርሳስ ሂሳብ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለምሳሌ ያህል አንድ ቀላል ሂሳብ ሠርቷል። አሃዞቹ ግምት መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ነጥቡ ግን ቁጥሩ ቢለዋወጥም አይለወጥም።

የራሷ የፀሐይ ማመንጫና አነስተኛ መስመር ያላት፣ በተለምዶ ሚኒ ግሪድ የምንለው የተዘረጋላት አንዲት የቆላ መንደር እንውሰድ። 500 ደንበኞች አሏት። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሦስት አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፣ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ በወር 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል እንበል። በድምሩ በወር 5,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በ2 ብር ቢሸጥ በወር የሚሰበሰበው 10,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የአንድ ቴክኒሻንና የአንድ ዘበኛ ደሞዝ በቅጡ አይችልም፤ ዕድሜው ሲያልቅ ለሚለወጠው ባትሪ የሚተርፍ ነገርማ የለም። በ20 ብር ቢሸጥ ደግሞ 100,000 ብር ይገኛል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት በወር 200 ብር መክፈል አለበት። ዝናብ በቀረበት ዓመት ፍየሉን በርካሽ የሸጠ ገበሬ ይህን በየወሩ ይከፍላል ብሎ መዋዕለ ንዋዩን የሚያፈስ ሰው ይገኛል ማለት ዘበት ነው።

አሁን ሂሳቡን እንገልብጠው። በመንደሯ አንድ ወፍጮ አለ። 10 ኪሎ ዋት ሞተር በቀን 6 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ 1,500 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ወፍጮ 150 ቤት ያህል ደንበኛ ነው ማለት ነው። ሦስት ወፍጮ ከ500ው ቤት ጋር ሊቀራረብ ምን ቀረው! ደግሞም ወፍጮ የሚፈጨው በቀን ነው፤ ፀሐዩም የሚወጣው በቀን ነው። ቤተሰብ መብራት የሚፈልገው ማታ ስለሆነ ኃይሉን በውድ ባትሪ ማጠራቀም ግድ ይላል፤ ወፍጮ ግን ከፀሐይ ሰሌዳው በቀጥታ ይበላል።

የወፍጮው ባለቤት ዛሬ የሚሠራው በናፍጣ ነው ብንል፣ ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይገኛል። ለ1,500ው 500 ሊትር ያስፈልገዋል። ሊትሩን በ100 ብር ብንይዝ በወር 50,000 ብር ለነዳጅ ብቻ ያወጣል። ነዳጅ ማደያ በሌለበት ገጠር ናፍጣ በጀሪካን፣ በደላላ እጅ ተላልፎ እንደሚሸጥ የሚያውቅ አንባቢ በመቶ ብር መያዛችን ለባለ ወፍጮው አድልተን እንደሆነ ይረዳል። ለዚህ ሰው ኃይል በ20 ብር ቢቀርብለት በወር 30,000 ብር ይከፍላል፤ 20,000 ብር ይተርፈዋል። በከተማ ሰው ዓይን ዝርፊያ የሚመስለው ዋጋ ለእርሱ ቅናሽ ነው።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የገጠር መብራት እቅድ ቤት ብቻ ከቆጠረ ይከስራል፤ ወፍጮ፣ ብየዳ ቤት፣ የውሃ ፓምፕና የበረዶ ቤት ከቆጠረ ግን ሂሳቡ መዝጋት ይጀምራል። ለድሃው ቤት በርካሽ የሚበራው አምፖል የሚበራው ባለ ወፍጮው በከፈለው ነው።

ዓሣውና በረዶው

ወደ ኒሯቅ ቆላ እንመለስ። ከተከዜ ሐይቅ የሚወጣ ዓሣ በዚያ ሙቀት ትኩስ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው። በረዶ ከሌለ አጥማጁ ያለው ምርጫ ሦስት ነው፤ እዚያው በተገኘው ዋጋ መሸጥ፣ ማድረቅ፣ ወይም መጣል። በሦስቱም መንገድ ዋጋ ቆራጩ ገዢው እንጂ አጥማጁ አይሆንም። ነጋዴው ዓሣው እየተበላሸ መሆኑን ያውቃል፤ ጊዜ ከእርሱ ጋር ናት። አንድ የበረዶ ማምረቻ ማሽን ይህን የመደራደር ሚዛን ይለውጠዋል። ዓሣው አንድ ቀን ካደረ ሰቆጣ ይደርሳል፤ ሁለት ቀን ካደረ ወልድያና ደሴ ገበያው ነው።

ፍየሉም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር አለው። ዛሬ በእግሩ ነው የሚሸጠው። ቄራና ማቀዝቀዣ ያለ መብራት አይታሰቡም፤ ስለዚህ ከፍየሉ የሚገኘው ጭማሪ ዋጋ ሁሉ የሚቀረው ፍየሉ በደረሰበት ከተማ እንጂ በተነሳበት ቀዬ አይደለም። በሰቆጣ የሚገኘው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል የአበርገሌን ፍየል ለማሻሻል ሲደክም ቆይቷል። ዝርያ ማሻሻል አንድ ነገር ነው፤ የተሻሻለውን ዝርያ በተሻለ ዋጋ መሸጥ ግን ሌላ ነው።

ገንዘብ ያለው ሰው ለምን አይሄድም?

ሂሳቡ እንዲህ ከሆነ ባለሀብቱ ለምን አይሮጥም የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ምክንያቶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ታሪፍ ነው። በዋናው መስመር ላይ ያለ ደንበኛ በሙሉ፣ ቦሌም ይኑር ሰቆጣ፣ የሚከፍለው አንድ ዓይነት ታሪፍ ነው። ለብዙ ዓመታት በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየጊዜው ከፍ እንዲል የተወሰነው አዲሱ ታሪፍ እንኳ የመንደር ማመንጫን ወጪ አይሸፍንም። በ2013 የወጣው የሚኒ ግሪድ መመሪያ የግል ባለሀብትና የኅብረት ሥራ ማኅበር ፈቃድ አውጥተው፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባጸደቀው ወጪን የሚሸፍን ዋጋ እንዲሸጡ በር ከፍቷል። በሩ መከፈቱ መልካም ነው። ነገር ግን የጎረቤቱ ቀበሌ በዋናው መስመር በጥቂት ብር ሲያበራ የእኔ ለምን በ20 ብር ይሆናል የሚል ሕዝብ ሲነሳ ተቆጣጣሪው ይጸናል ወይ የሚለውን ባለሀብቱ ይጠይቃል።

ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በታንዛኒያ መንግሥት ለዓመታት የግል ሚኒ ግሪድ ባለቤቶችን ሲያበረታታ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዋጋቸውን ወደ ብሔራዊው የመብራት ኩባንያ ዋጋ እንዲያወርዱ አዘዘ። ብዙ እጥፍ ያስከፍሉ የነበሩት ድርጅቶች ሂሳባቸው ተናጋ፤ አዲስ ገንዘብም ሸሸ። ኬንያ በአንጻሩ ሌላ መንገድ መርጣለች። ርቀው ባሉት አውራጃዎቿ ሚኒ ግሪድ ሲተከል የግንባታው ወጪ በአብዛኛው በመንግሥትና በብድር ተሸፍኖ፣ ደንበኛው ግን እንደ ናይሮቢ ሰው አንድ ዓይነት ዋጋ እንዲከፍል ነው የታሰበው። የትኛውም መንገድ ሊመረጥ ይችላል። የማይቻለው ርካሽ ዋጋ አዝዞ ልዩነቱን ማንም ሳይከፍል መተው ነው።

ሁለተኛው የዋናው መስመር መምጣት ነው። አንድ ሰው ብድር ወስዶ መንደር ውስጥ ማመንጫ ይተክላል፤ በአምስተኛው ዓመት የመንግሥት መስመር ይደርሳል፤ ደንበኛው በሙሉ በአንድ ቀን ወደዚያ ይሻገራል። መመሪያው ይህ ሲያጋጥም ባለሀብቱ የሚስተናገድበትን አሠራር አስቀምጧል። ነገር ግን ካሳ በወረቀት ላይ አንድ ነገር ነው፣ በባንክ ሂሳብ ውስጥ ሌላ። መስመሩ የትኛው ቀበሌ በየትኛው ዓመት እንደሚደርስ በይፋ ታውቆ ካልተጠበቀ በስተቀር ብልህ ሰው ገንዘቡን አያወጣም።

ሦስተኛው ዶላርና ሰላም ነው። የፀሐይ ሰሌዳው፣ ባትሪውና ኢንቨርተሩ የሚመጡት በውጭ ምንዛሪ ሲሆን ገቢው ግን በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት ባለው ዋጋ ውል የገባ አስመጪ ምን እንደደረሰበት መርካቶ ያለ አንባቢ ያውቀዋል። የሰላሙ ጉዳይ ደግሞ ለዋግ ሰው ሊነገረው የሚገባ አይደለም። በ2013 ሰቆጣ በጦርነቱ ተይዛ ነበር፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብም ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስና ከዚያም ወዲህ በሰቆጣ መጠለያዎች ቆይቷል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት መንገዱን አክብዶታል።

ይሁን እንጂ የጦርነቱ ዓመታት አንድ ነገር አስተምረዋል። በመቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መስመር አንድ ቦታ ሲበጠስ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጨልማል። በየመንደሩ ያለ ማመንጫ ግን ሌላው ቢጨልም የራሱን ያበራል። ለዳር አገር የራስ ማመንጫ የድሃ መጽናኛ ብቻ ሳይሆን መድንም ነው።

ነጋዴው ምን ይጠብቅ?

በዚህ ገበያ ውስጥ ዛሬም የሚሸጥ ነገር አለ። በየቤቱ ጣሪያ የሚቀመጠው አነስተኛ ሶላር ዋናው ነው። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ገበያውን ሞልቶት የነበረው ዋስትና የሌለው ርካሽ ዕቃ ለዚህ ንግድ ጠላቱ ነው። በዓመቱ የጠፋ ፋኖስ የገዛ ገበሬ ሁለተኛ ሶላር አይገዛም፤ ጎረቤቱም አይገዛም። የዳር አገር ገበያ በዱቤና በአፍ ምስክር የሚሄድ ነው። ስም ካበላሹት ማስታወቂያ አያድነውም። ከወረታ ወዲያ ያለውን ገጠር ለዓመታት በአነስተኛ ብድር ያዳረሰው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። በፍየል ሽያጭ ወቅት የሚከፈል የሶላርና የወፍጮ ሞተር ብድር ይህን ገበያ ከአንድ ትልቅ ፕሮጀክት ይልቅ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ትልቁን ገንዘብ ለሚያስቡት ደግሞ ሦስት ምልክቶችን መጠበቅ ይበጃል። አንደኛ፣ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ዋናው መስመር በየዓመቱ የሚደርስባቸውን ቀበሌዎች ዝርዝር በይፋ አውጥቶ ያከብረዋል ወይ? ሁለተኛ፣ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለመንደር ማመንጫ ወጪን የሚሸፍን ዋጋ ካጸደቀ በኋላ ቅሬታ ሲመጣ ይጸናል፣ ወይስ ልዩነቱን መንግሥት ይከፍላል? ሦስተኛ፣ ፕሮጀክቶች ሲመዘኑ የተቆጠረው የቤት ብዛት ነው ወይስ የወፍጮና የበረዶ ቤት?

ለሦስቱም ጥርት ያለ መልስ ከተገኘ ከሰቆጣ ወዲያ የሚወርደው ነጋዴ ፍየል ለመግዛት ብቻ አይሆንም። ካልተገኘ ግን እቅዱ አንድ ጊዜ ዓመቱ አልፎበት ወደ 2022 እንደተሻገረ ሁሉ ሌላ ዓመት ይጻፍለታል፤ የተከዜ ዓሣም ፀሐይ ላይ እየደረቀ፣ ገዢው በቆረጠው ዋጋ መሸጡን ይቀጥላል።